ከሰው ሰው የሚለያየው የአንጎል የደም መንገድ

የአናቶሚ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥዕል ያሳያሉ። በአንጎል ግርጌ፣ ሁለቱ የዓይን ነርቮች በሚገናኙበት ቦታ ዙሪያ፣ ደም ቅዳዎች እርስ በርስ ተያይዘው የተዘጋ ቀለበት ሠርተው ይታያሉ፤ ግራና ቀኙ እኩል፣ ውፍረቱም የተመጣጠነ ነው። ተማሪዎች ይህን ሥዕል በቃላቸው ይዘው ይመጡና የመጀመሪያውን የኤምአርአይ ምስል ስከፍትላቸው ግራ ይጋባሉ። ከቀለበቱ አንዱ ክንድ የለም፤ ወይም አንዱ ወፍራም ሆኖ ሌላው እንደ ክር ቀጥኗል። «ታማሚ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። መጽሐፉ ላይ የተሳለው ሙሉ ቀለበት ያለው ሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ለእነዚህ ተማሪዎችና የምርመራ ውጤታቸውን ይዘው ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አራት መግቢያ፣ ሦስት ማገናኛ

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ እረፍት ላይ ሳለን ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በየደቂቃው ወደ 750 ሚሊ ሊትር ደም ይደርሰዋል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ደሙ ለጥቂት ደቂቃ ከተቋረጠ ሴሎቹ መሞት ይጀምራሉ።

ደሙ የሚገባው በአራት ቧንቧዎች ነው። ሁለቱ ካሮቲዶች በአንገት ግራና ቀኝ ከፊት በኩል ይወጣሉ፤ ጣታችሁን ከመንጋጋችሁ በታች አንገታችሁ ላይ ብታሳርፉ ትርታቸው ይሰማችኋል። ሁለቱ ቨርቴብራሎች ደግሞ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ እያለፉ ከኋላ ይወጣሉ፤ የራስ ቅል ውስጥ ከገቡ በኋላ ተጋጥመው ባዚላር የሚባል አንድ ግንድ ይሆናሉ። ካሮቲዶቹ አብዛኛውን የፊትና የጎን አንጎል ይመግባሉ። ባዚላር የአንጎል ግንድን፣ ትንሹን አንጎልና ዕይታ የሚስተናገድበትን የኋላ ክፍል ይዟል።

እነዚህን የሚያያይዙ ሦስት አጫጭር ቧንቧዎች አሉ። የፊት አገናኙ የግራና የቀኝ የፊት አንጎል ደም ቅዳዎችን ያገናኛል። ሁለቱ የኋላ አገናኞች ደግሞ በየወገናቸው ካሮቲድን ከኋላ አንጎል ደም ቅዳ ጋር ያጋጥማሉ። ቀለበቱ በእነዚህ ይዘጋል።

ጎን ለጎን የሚፈሱ ሁለት የመስኖ ቦዮችን አስቡ። በመካከላቸው አጭር ማገናኛ ቦይ አለ። ሁለቱም እኩል ውኃ ሲይዙ በማገናኛው ውስጥ ያለው ውኃ ቆሞ ይውላል። አንደኛው ከላይ የተደፈነ ዕለት ግን የሌላው ውኃ በማገናኛው በኩል ገብቶ የደረቀውን ያጠጣል። በአንጎል ግርጌም ደሙ ቀለበቱን እየዞረ አይውልም። አገናኞቹ በጤና ጊዜ ውስጣቸው ያለው ፍሰት ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ከምንም አይቆጠርም። ይህን ያዙልኝ፤ ኤምአርአይ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ዊሊስ እና የደነደነው ካሮቲድ

ቀለበቱ የሚጠራው በእንግሊዛዊው ሐኪም በቶማስ ዊሊስ ስም ነው። በኦክስፎርድ ሳለ ስለ አንጎል አናቶሚ በላቲን የጻፈው መጽሐፍ በ1664 ታተመ። ለመጽሐፉ ሥዕል ከሠሩለት መካከል ክሪስቶፈር ሬን አለበት፤ ኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ያው ሬን ነው። ቀለበቱን በማየት ዊሊስ ቀዳሚ አልነበረም፤ ስዊዘርላንዳዊው ዮሃን ያኮብ ቬፕፈር በ1658 ስለ ስትሮክ ባሳተመው ሥራው ስለ አንጎል ደም ቅዳዎች ጽፏል። የዊሊስ ትልቁ ነገር «ለምን ተያያዙ?» ብሎ መጠየቁና መልሱን በሙከራ መፈለጉ ነው። ከረዳቱ ከሪቻርድ ሎወር ጋር ሆኖ በአንዱ ካሮቲድ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲያስገባ ቀለሙ ወደ ሌላው ወገን ተሻገረ።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በጣም የምወደው የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ሰውየው የሞተው በሆድ ዕቃ በሽታ ነው። ዊሊስ ራሱን ሲከፍተው የቀኙ ካሮቲድ ደንድኖ እንደ አጥንት ሆኗል፤ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ሰውየው ግን በሕይወት ዘመኑ ስትሮክ አልመታውም። ዊሊስ በዚያው ወገን ያለውን ቨርቴብራል ሲመለከት ከሌላው ሦስት እጥፍ ወፍሮ አገኘው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ያ ቨርቴብራል የወፈረው ካሮቲዱ ሲደፈን ሥራ ስለበዛበት ነው ወይስ ሰውየው ሲወለድም ወፍራም ነበር? ከሬሳ ይህን ማወቅ አይቻልም። ሬሳ ቧንቧውን ያሳየናል እንጂ ደሙ በየት በኩል፣ በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር አይነግረንም። በሕይወት ያለውን ሰው አንጎል ሳይከፍቱ ማየት የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ሙሉ ቀለበት ያለው ስንቱ ነው?

በአሜሪካ አልፐርስ፣ ቤሪ እና ፓዲሰን የተባሉ ሐኪሞች በ1959 ባወጡት ጥናት 350 ጤናማ አንጎሎችን መርምረው፣ እንደ መጽሐፉ የሆነ ቀለበት ያገኙት በ52 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነው። በ1998 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 150 ጤነኛ ጎልማሶችን በኤምአርአይ አንስተው ዙሪያውን የተሟላ ቀለበት በ42 በመቶዎቹ ላይ አገኙ። የቀለበቱ የፊት ግማሽ በ74 በመቶው፣ የኋላው ግማሽ በ52 በመቶው ተሟልቶ ታይቷል። ጉድለቱ የሚበዛው ከኋላ፣ በኋላ አገናኞቹ ላይ ነው።

52 እና 42 ለምን ተለያዩ? የኔዘርላንድ ሰዎች የጎደለባቸው፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ የሞላላቸው ሆነው ነው ብሎ ለመደምደም አትቸኩሉ። አንደኛው ጥናት የተሠራው በሬሳ ላይ ነው፤ ሌላው በሕይወት ባለ ሰው ላይ። «ቀጭን» የሚባለውን የሚለየው መስፈርትም አንድ አይደለም። በ1998ቱ ጥናት ስፋቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቧንቧ እንደ ጎደለ ተቆጥሯል። መስመሩን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ብታደርጉት የ«ሙሉ ቀለበት» ባለቤቶች ቁጥር ወዲያው ይለወጣል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

አብዛኛው የሚጀምረው በማሕፀን ነው። ፅንሱ ገና ሚሊ ሜትሮችን ሲለካ የአንጎሉን ደም በዋናነት የሚያመጡት ካሮቲዶች ናቸው፤ የኋላ አንጎል ደም ቅዳም ከእነሱ በኋላ አገናኙ በኩል ይመገባል። ከዚያ የኋላው የአንጎል ክፍል እያደገ ሲመጣ ቨርቴብራሎችና ባዚላር ይጠነክራሉ፣ ኃላፊነቱንም ይረከባሉ፤ የኋላ አገናኙ ይቀጥናል። በጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ሠዓሊ የነበረችው ዶርካስ ፓጄት ይህን ሂደት ደረጃ በደረጃ እየሣለች በ1948 ያሳተመችው ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ርክክቡ ሳይፈጸም ሲቀር ሰውየው ካደገ በኋላም የኋላ አንጎሉን ደም የሚያገኘው ከካሮቲድ ይሆናል። በሪፖርት ላይ «ፊታል» ዓይነት ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፤ ቢያንስ በአንድ ወገን ከአምስት ሰዎች በአንዱ ገደማ፣ በአንዳንድ ጥናቶችም ከዚያ በላይ ይገኛል። ከዚህ ይልቅ ብርቅ የሆኑም አሉ። በፅንስነት ጊዜ ካሮቲድን ከባዚላር የሚያገናኝ ትራይጄሚናል የሚባል ቧንቧ አለ፤ መጥፋት ሲገባው ከሺህ ሰዎች በጥቂቱ ላይ ሳይጠፋ ይቀራል።

ኤምአርአይ ያለ መድኃኒት ደሙን እንዴት ያበራዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የአንጎል ደም ቅዳዎች ልዩነት በጤነኛ ሰዎች ላይ ሊጠና የቻለው ታይም ኦፍ ፍላይት በሚባለው የኤምአርአይ ዘዴ ምክንያት ነው። መርፌ የለውም፣ ጨረር የለውም፣ ወደ ደም የሚሰጥ መድኃኒትም የለውም። ተመርማሪው ጥቂት ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሳይታመም ለጥናት ብቻ በሚመረመር ሰው ደም ቅዳ ውስጥ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ማስገባት ተገቢ አይሆንም፤ ይህን ምርመራ ግን ሊጠየቅ ይችላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ማሽኑ አንድ የአንጎል ቁራጭ ይመርጥና በሬዲዮ ሞገድ ደጋግሞ፣ በጣም በተቀራረበ ጊዜ ይመታዋል። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ቆሞ ያለው ሕብረ ሕዋስ ከአንዱ ምት ሳያገግም ሌላው ስለሚደርስበት ምልክቱ ይደክማል፣ ምስሉ ላይ ይጨልማል። ከአንገት ወደ ላይ የሚመጣው ደም ግን ያን ሁሉ ምት አልቀመሰም፤ ቁራጩ ውስጥ ሲገባ ትኩስ ነውና ደምቆ ያበራል። ወደ ታች የሚመለሰው የደም መልስ እንዳይቀላቀል ከላይ በኩል ቀድሞ እንዲጨልም ይደረጋል። ስለዚህ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሆነው የምናያቸው ደም ቅዳዎቹ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ነጩ መስመር የሚያሳየው የሚሄድ ደምን ነው፤ የቧንቧውን ግድግዳ አናይም። ደሙ በዝግታ ከሄደ ወይም ከቆመ ቁራጩ ውስጥ ብዙ ምት ይደርስበትና እንደ ዙሪያው ይጨልማል። የማገናኛው ቦይ ውኃ ቆሞ ይውላል ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። በጤነኛ ሰው የኋላ አገናኝ ውስጥ ፍሰቱ እጅግ ትንሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ቧንቧው በቦታው እያለ ምስሉ ላይ አይታይም። «የለም» ብለን የምንጽፈው ከፊሉ «አሁን አልሠራም» የሚል ነው። የኔዘርላንዱ ቁጥር ከአሜሪካኑ ካነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

አንድ ምስል አብረን እናንብብ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ቧንቧዎቹ በአንድ ላይ ተጠቃለው፣ እንደ ቅጠል የለሽ ዛፍ ሆነው የሚሽከረከሩበት ምስል ነው። ያምራል፣ ግን አትመኑት። ይህ ምስል የሚሠራው በየአቅጣጫው ካሉት ነጥቦች ደማቁን ብቻ እየመረጠ ስለሆነ ቀጭንና ደብዛዛ ቧንቧ ይዋጥበታል። ወደ ጥሬዎቹ ስስ ቁራጮች ውረዱ። ከአንገት ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ላይ ውጡ። ቨርቴብራሎቹ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ የግራው ብዙ ጊዜ ይተልቃል። ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ፤ ባዚላር ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። እዚህ ቆም በሉና ከባዚላር የሚወጣውን የኋላ አንጎል ደም ቅዳ መነሻ ውፍረት ከኋላ አገናኙ ጋር አወዳድሩ። አገናኙ ከበለጠ ደሙን የሚሰጠው ካሮቲድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፊት ሂዱ፤ የሁለቱን የፊት አንጎል ደም ቅዳዎች የመጀመሪያ ክፍል ለኩ። አንዱ ክር፣ ሌላው ወፍራም ከሆነ፣ ወፍራሙ በፊት አገናኙ በኩል ሁለቱንም ወገን እየመገበ ነው። ስትለኩ ከአንድ ቦታ በላይ ለኩ፤ ቧንቧ በሚታጠፍበት ቦታ ደሙ ስለሚታወክ ምስሉ ጠባብ ያልሆነውን ጠባብ ሊያስመስለው ይችላል።

የማሽኑ ማግኔት በጠነከረ ቁጥር ቀጭኑም ቧንቧ ይገለጣል፤ ጥንካሬው የሚለካው በቴስላ ነው። በሆስፒታል የሚሠራባቸው ማሽኖች አብዛኛዎቹ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። በ7 ቴስላ ደግሞ ወደ አንጎል መሃል ጠልቀው የሚገቡት፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ቅርንጫፎች ሳይቀሩ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ይታያሉ። ሌላም ዘዴ አለ፤ ደሙን አንገት ላይ በሬዲዮ ሞገድ ምልክት አድርጎ የትኛው የአንጎል ክፍል ላይ እንደሚደርስ መከታተል። ይህ ከቧንቧው ቅርጽ አልፎ እያንዳንዱ ቧንቧ የሚያጠጣውን ግዛት ያሳያል፤ የግዛቶቹም ድንበር ከሰው ሰው ይለያያል።

ሲቲ እና ካቴተር

ሲቲ አንጂዮግራፊ በክንድ ደም ሥር አዮዲን ያለበት መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ የሚነሳ ነው። መድኃኒቱ የደረሰበት ቧንቧ ሁሉ ስለሚታይ የደሙ ዝግታ እንደ ኤምአርአይ አያስቸግረውም፤ በሰከንዶች ያልቃል፣ በስትሮክ ቀን ወደር የለውም። ጨረሩና መድኃኒቱ ግን ጤነኛ ሰውን ለጥናት ብቻ ለማንሳት አይመቹም።

ከሁሉ የጠራው አሁንም በካቴተር የሚሠራው አንጂዮግራፊ ነው። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒስ በ1927 ሊዝበን ውስጥ ወደ ካሮቲድ መድኃኒት አስገብቶ በራጅ የአንጎል ደም ቅዳዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕያው ሰው ላይ አሳየ። ስዊድናዊው ሴልዲንገር በ1953 አንገትን ሳይቀዱ በመርፌና በሽቦ ካቴተር የማስገባትን ዘዴ አወጣ። ካቴተሩ ደሙ ሲፈስ በጊዜ ተከታትሎ ያሳያል። ሐኪሙ ቨርቴብራሉ ውስጥ መድኃኒት እየሰጠ አንገት ላይ ካሮቲዱን ለአፍታ ቢጫነው፣ ቆሞ የነበረው የኋላ አገናኝ ሲከፈት በዓይኑ ያያል። ኤምአርአይ «የለም» ያለው ቧንቧ እንዲህ ሲገለጥ ማየት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። ምርመራው ራሱ ትንሽም ቢሆን ስትሮክ የማስከተል አደጋ ስላለው ግን ያለ በቂ ምክንያት አይደረግም።

ልዩነቱ ቁም ነገር የሚሆንበት ጊዜ

ልዩነት በሽታ አይደለም ስል ምንም አያመጣም ማለቴ አይደለም። አንድ ሐኪም ቅባት የሞላውን የአንገት ካሮቲድ ለመጥረግ ቧንቧውን ለጊዜው ሲቆነጥጠው፣ በዚያ ወገን ያለው አንጎል የሚኖረው አገናኞቹ በሚያቀብሉት ደም ነው። አገናኝ የሌለው ሰው ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ደሙን በጊዜያዊ ቱቦ ማሳለፍ ያስፈልገው ይሆናል።

የፊት አንጎል ደም ቅዳው በአንድ ወገን የቀጠነ ሰው ላይ የሁለቱም ወገን ደም በአንዱ በኩል ሄዶ የፊት አገናኙን መጋጠሚያ ይመታል። በዚያ ቦታ አኑሪዝም፣ ማለትም የቧንቧው ግድግዳ መወጠርና ማበጥ፣ ከሌላው ሰው አዘውትሮ ይገኛል። በጠቅላላው ከመቶ ጎልማሶች በ3ቱ ገደማ ላይ ያልፈነዳ አኑሪዝም ይገኛል፤ አብዛኛው ሳይፈነዳ ሰውየው ዕድሜውን ይጨርሳል።

«ፊታል» ዓይነት ያለው ሰው ከካሮቲዱ የተነሳ የረጋ ደም የኋላ አንጎሉን ሊመታው ይችላል። ድንገት የግማሽ ዕይታው ከጠፋ ሐኪሙ ልቡንና የኋላ ቧንቧዎቹን ብቻ ፈትሾ ካሮቲዱን ከተወ መንስኤውን ያልፈዋል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ፈረንሳዊው ዤራር ፐርሽሮን የገለጸው ነው። በአንጎል መሃል በግራና በቀኝ ያሉት ታላመስ የሚባሉ ክፍሎች በየራሳቸው ትንንሽ ቧንቧ መመገባቸው የተለመደ ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን አንድ ግንድ ለሁለቱ ይከፈላል። ያ አንድ ግንድ ሲደፈን ሰውየው ክንዱ ሳይዝል፣ አፉ ሳይጣመም ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ለመቀስቀስ ያስቸግራል። የመጀመሪያው ሲቲ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። መድኃኒት ወስዷል፣ ሰክሯል፣ መንፈስ ነው እየተባለ ውድ ሰዓት ያልፋል። ቧንቧው በተለመደው ምርመራ ስለማይታይ የሚጋለጠው ዘግይቶ፣ የኤምአርአይ ምስል ላይ ሁለቱም ታላመሶች ተጎድተው ሲታዩ ነው። ድንገት እንቅልፍ የጣለውን ሰው ስትሮክም ሊሆን ይችላል ብሎ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መውሰድን ሁሉም ቤተሰብ ቢያውቀው እወዳለሁ።

ውጤቱን ይዛችሁ ለመጣችሁ

ለራስ ምታት ኤምአርአይ ተነስታችሁ «አንዱ ቨርቴብራል ቀጭን ነው» ወይም «የኋላ አገናኝ አልታየም» የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተነገራችሁ የተፈጥሮ መልካችሁ ነው። ሐኪማችሁን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «አብሮኝ የተፈጠረ ነው ወይስ በኋላ የጠበበ?» የሁለቱ ምልክት ይለያያል። አብሮ የተፈጠረ ቀጭን ቧንቧ ከታች እስከ ላይ ወጥ ሆኖ ይቀጥናል፤ የሚያልፍበት የአጥንት ቀዳዳም በሲቲ ሲታይ ጠባብ ነው፣ ምክንያቱም አጥንቱ ያደገው በቧንቧው ልክ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ቧንቧው ከጠበበ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተቆነጠጠ፣ ነገሩ ሌላ ስለሆነ ክትትል ይፈልጋል።

ለመቁጠር ለምትነሱ ተማሪዎች

ብዙ የሚጠቀሱት ጥናቶች የተሠሩት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ኤምአርአይ በየቀኑ ይነሳል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀለበቱን በደንብ ያሳያሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከተገኘና የተመርማሪዎቹ ስም ከተሰረዘ በኋላ የእኛን ሰው ልዩነት መቁጠር ትልቅ ማሽን ወይም አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት «ጎደለ» የምትሉት ከስንት ሚሊ ሜትር በታች እንደሆነ ጻፉ። ተመርማሪዎቹ ለምን እንደተነሱ መዝግቡ፤ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ብቻ ቆጥሮ «የኢትዮጵያውያን ቀለበት ይህን ይመስላል» ማለት አይቻልም። ዕድሜና ጾታ አይቅሩባችሁ፤ በ1998ቱ ጥናት ሙሉ ቀለበት በወጣቶችና በሴቶች ላይ በዝቶ ታይቷል። የማሽኑን ጥንካሬና የቁራጩን ውፍረት ጻፉ። እያንዳንዱን ምስል ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንብቡት፤ የተለያዩበትን ቦታ ቁጠሩትና እሱንም አሳትሙት። በሰንጠረዡ ውስጥ ደግሞ «የለም» በሚለው ዓምድ ፋንታ «አልታየም» ብላችሁ ጻፉ።